የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና፦ ሆስፒታል ማደር ወይስ በዚያው ቀን ወደ ቤት መመለስ?

ጠያቂያችን የ52 ዓመት ጎልማሳ ናቸው። የአፍንጫቸው መካከለኛ ግድግዳ በመጣመሙና በጎን ያለው ሥጋ በማበጡ ለዓመታት በአፋቸው ሲተነፍሱ ኖረው አሁን ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተወስኗል። ሁለት ከአንገት በላይ ሐኪሞች ዘንድ ቀርበው አንደኛው «ጠዋት ገብተው ከሰዓት በኋላ ይወጣሉ» ሲሏቸው፣ ሁለተኛው «አንድ ሌሊት ማደር አለብዎት» ብለዋቸዋል። የደም ግፊት መድኃኒትና በየቀኑ አንድ አስፕሪን እንደሚወስዱ፣ ሌሊት በኃይል እንደሚያንኮራፉ፣ ባለቤታቸውም አልፎ አልፎ ትንፋሻቸው ቀጥ ሲል እንደሚያስተውሉ ጽፈውልናል። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፦ «ቤት ውስጥ ደም ቢፈስሰኝ ምን እሆናለሁ? በዚያው ቀን የሚያሰናብቱኝስ አልጋ ለማስለቀቅ ብለው ይሆን?»

መልሴን በቅድሚያ ላስቀምጥ። መካከለኛውን ግድግዳ ማቃናትና የጎኑን ሥጋ መቀነስ ለአብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤት የሚያስመልስ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በብዙ አገሮችም የተለመደው አሠራር ይኸው ነው። ለእርስዎ ግን፣ ከጻፉልን ተነሥቼ ስመዝነው፣ ማደር አለብዎት ያሉት ሐኪም ትክክል ይመስሉኛል። ምክንያቱ ደግሞ እርስዎ የፈሩት የደም መፍሰስ ሳይሆን በጥያቄዎ መካከል እንደ ቀላል ነገር የጠቀሱት የሌሊት ትንፋሽ መቋረጥ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ለማስረዳት ግን ከደሙ መጀመር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ልደር ወይስ ልሂድ?» ብሎ ሲጨነቅ በልቡ የሚያስበው ደሙን ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር አካባቢውን የሚያደነዝዝ መድኃኒትና አድሬናሊን ተቀላቅሎ በአፍንጫው ሽፋን ሥር ይወጋል። አድሬናሊኑ የደም ሥሮቹን አጥብቦ ሐኪሙ አጥርቶ እያየ እንዲሠራ ያስችለዋል፤ ይሁን እንጂ ኃይሉ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቅ የጠበቡት ሥሮች መልሰው ይሰፋሉ። በዚህ ላይ በሙሉ ማደንዘዣ ጊዜ ዝቅ ብሎ የቆየው የደም ግፊት ታካሚው ሲነቃ፣ ሲያስልና ሲያስመልስ ከፍ ይላል። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ስለሆነ፣ ቶሎ የሚመጣ የደም መፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በዚያው ቀን፣ ታካሚው ገና በሐኪም ዓይን ሥር እያለ ነው። በዚያው ቀን ማሰናበት የሚቻለውም እነዚህ ሰዓታት በማገገሚያ ክፍል በጥንቃቄ ታልፈው ሲሆን ብቻ ነው። ታካሚው ዓይኑን ስለገለጠና «ደህና ነኝ» ስላለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሸኝበት ቦታ ካለ እኔ አልመርጠውም።

በእነዚያ ሰዓታት ምን እንደሚታይ ልግለጽልዎ። ከአፍንጫው በታች የታሰረው ጋውዝ ደረቅ ሆኖ መታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በጀርባው የተኛ ሰው ደሙን ወደ ኋላ እየዋጠው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ታካሚው ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ይደረግና አፉን ይከፍታል፤ ምላሱ በስፓቱላ ዝቅ ተደርጎ በባትሪ ብርሃን የጉሮሮው የኋላ ግድግዳ ይታያል። እዚያ ላይ ከእንጥሉ ኋላ ቀጭን የደም መስመር ወደ ታች ሲወርድ ከታየ፣ ጋውዙ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ያ ሰው ገና እየደማ ነው፤ አይሰናበትም። ታካሚው በተደጋጋሚ መዋጡ፣ ማቅለሽለሹና ጥቁር ደም ማስመለሱም ይኸንኑ ያመለክታሉ። ይህን ምርመራ ማንኛውም የሠለጠነ ነርስ ልትሠራው ትችላለች። ከመሰናበትዎ በፊት ጉሮሮዎ ካልታየ «ጉሮሮዬን ይዩልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

ሁለተኛው የደም መፍሰስ ዓይነት ግን ጊዜው ሌላ ነው። ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በቁስሉ ላይ የደረቀው ቅርፊት ሲላቀቅ ወይም ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ድንገተኛ ነስር ሊነሣ ይችላል። ይህ ሲሆን ሆስፒታል ያደረውም ያላደረውም ታካሚ እኩል ቤቱ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ሆስፒታል ማሳለፍ ከሁለተኛው ዓይነት ደም አይጠብቅም። ከዚያ የሚጠብቀው በሳምንቱ ውስጥ አፍንጫን በኃይል አለመናፈጥ፣ ሲያስነጥሱ አፍን መክፈት፣ ከባድ ነገር አለማንሣት፣ አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊት የሚደወልበት ስልክና የሚኬድበት ድንገተኛ ክፍል አስቀድሞ ማወቅ ነው። ነስር ቢነሣ ወደ ኋላ አይጋደሙ፤ ተቀምጠው ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ አፍዎ ውስጥ የገባውን ደም ይትፉት እንጂ አይዋጡት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልቀነሰ ወይም ገና ከመነሻው እየረጋ የሚወጣ ብዙ ደም ከሆነ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ከደም መፍሰስ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ብዙ ጊዜም ለታካሚ በቅጡ የማይነገረው፣ በመካከለኛው ግድግዳ ሽፋን ሥር የሚቋጠር ደም ነው። የግድግዳው ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከላዩ ከተለጠፈው ስስ ሽፋን ነው። ደም በመካከላቸው ገብቶ ሽፋኑን ከልም አጥንቱ ካላቀቀው፣ ልም አጥንቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ የተቋጠረው ደም ቢመግል ጉዳቱ ይፈጥናል፤ በመጨረሻም የአፍንጫው አከርካሪ ወደ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። ምልክቱ በሁለቱም ወገን እየባሰ የሚሄድ መደፈንና እየጨመረ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ የሚታየውም ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ጠዋት የሚሰናበት ሰው ይህን በሆስፒታል ቆይታው ላያገኘው ይችላል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የግድግዳውን ሁለት ሽፋኖች በሚሟሟ ክር ከዳር እስከ ዳር እየወጉ ይሰፏቸዋል፤ ይህ ስፌት ደም የሚቋጠርበትን ክፍተት ይዘጋል፣ ብዙ ጊዜም አፍንጫውን በጋውዝ ከመጠቅጠቅ ያድናል። በእኔ ግምት ቀዶ ሕክምናው በተመላላሽ እንዲሠራ መንገዱን ከከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ቀላል ስፌት ነው።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ውሳኔውን እንደሚለውጠውም ግልጽ ነው። ግድግዳ ማቃናት፣ የጎን ሥጋ መቀነስ፣ ቀላል የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ባሉ አጥንቶች ውስጥ ያሉ አየር የሚይዙ ክፍተቶች) ቀዶ ሕክምና በካሜራ፣ የተሰበረ የአፍንጫ አጥንት መመለስ፣ አብዛኛው የአፍንጫ ቅርጽ ማስተካከያም ጭምር በዚያው ቀን ሊያስመልሱ የሚችሉ ናቸው። በሌላ በኩል ብዙ ፖሊፕ፣ ማለትም ከአፍንጫና ከሳይነስ ሽፋን የሚበቅል ለስላሳ እብጠት፣ ለማውጣት የሚደረግ ረጅም የሳይነስ ቀዶ ሕክምና፣ ቀድሞ የተሠራ አፍንጫን ደግሞ መክፈት፣ ከጎድን ልም አጥንት ወስዶ አፍንጫን መገንባት፣ ከአንጎል በታች ባለው አጥንት ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ክትትሉ ይበልጥ ጥብቅ እንዲሆን ያስገድዳሉ። ሳይነስ ከዓይን ጉድጓድና ከአንጎል የሚለየው በስስ አጥንት ስለሆነ፣ ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የዓይን ማበጥ፣ ማየት መድከም ወይም ሲያጎነብሱ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከአንድ ወገን መንጠባጠብ ሲታይ በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል። እርስዎ የሚደረግልዎ ከእነዚህ ውስጥ ስላልሆነ አላስረዝመውም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። የደም ግፊት ያለበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤት መሄድ አይችልም የሚባለው ነገር ትክክል አይደለም። ግፊቱ በመድኃኒት ከተያዘ፣ የዕለቱም መድኃኒት በማደንዘዣ ባለሙያው ትእዛዝ መሠረት ከተወሰደ፣ ግፊቱ ብቻውን አያሳድርም። 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ግን፣ አስቸኳይ ያልሆነውን ይህን ቀዶ ሕክምና አራዝሞ ግፊቱን ማስተካከል ይመረጣል። አስፕሪኑን በተመለከተ፣ በደም ውስጥ ያሉትን ፕሌትሌት የሚባሉ የመርጊያ ሕዋሳት ሥራ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ያስተጓጉላል። ስለዚህ ለአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ከሳምንት በፊት እንዲያቋርጡት ሊነገርዎ ይችላል፤ ሆኖም በራስዎ ውሳኔ ፈጽሞ እንዳያቋርጡት አደራ እላለሁ። አስፕሪኑ የታዘዘልዎ በልብ የደም ሥር ውስጥ ስለገባ ስቴንት (ሥሩን ክፍት አድርጎ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ወይም ከዚህ በፊት ስለደረሰ ስትሮክ ከሆነ፣ ማቋረጡ ከነስሩ የከፋ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ያዘዘው ሐኪምና ቀዶ ሐኪምዎ ተነጋግረው ይወስኑ።

ትንፋሽዎን በተመለከተ ግን ነገሩ ይለወጣል። የማደንዘዣ ባለሙያዎች በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለመለየት ስቶፕ ባንግ የሚባል ስምንት ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይጠቀማሉ፦ በኃይል ማንኮራፋት፣ ቀን ቀን መድከም፣ ሌላ ሰው ያየው የትንፋሽ መቋረጥ፣ የደም ግፊት፣ ከፍተኛ ውፍረት፣ ከ50 ዓመት በላይ መሆን፣ የአንገት ውፍረትና ወንድ መሆን። አምስትና ከዚያ በላይ ላገኘ ሰው ሥጋቱ ከፍተኛ ነው ይባላል። እርስዎ ያንኮራፋሉ፣ ባለቤትዎ ትንፋሽዎ ሲቋረጥ አስተውለዋል፣ የደም ግፊት አለብዎት፣ 52 ዓመትዎ ነው፣ ወንድ ነዎት፤ ክብደትዎንና አንገትዎን ሳንለካ፣ ቀን ይደክምዎት እንደሆነም ሳንጠይቅ አምስት ሞልተዋል። ይህ መጠይቅ በሽታውን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን በዚህ ውጤት ላይ ቆሞ «ምንም አይደለም፣ ቤትዎ ይተኙ» ማለት ይከብደኛል።

የሚከብደኝም ከዚያ ሌሊት ጋር ሦስት ነገሮች አብረው ስለሚመጡ ነው። የሙሉ ማደንዘዣው ርዝራዥ የጉሮሮን ጡንቻዎች ያላላል። ሞርፊንን የመሰሉ ብርቱ የሕመም ማስታገሻዎች የአንጎልን የትንፋሽ ትእዛዝ ያዳክማሉ። አፍንጫው ደግሞ በእብጠት፣ በደም ቅርፊት ወይም በመጠቅጠቂያ ስለሚደፈን ሰውየው የሚተነፍሰው በአፉ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ አፉ እየደረቀና እንቅልፉ እየተቆራረጠ ያልፈዋል። ትንፋሹ ሌሊት ሌሊት የሚቋረጥ ሰው ግን በተቋረጠ ቁጥር ለመንቃት የሚረዳው የሰውነት ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ስለሚደነዝዝ፣ የደሙ ኦክስጅን ከወትሮው ይበልጥና ረዘም ላለ ጊዜ ሊወርድ ይችላል። በሽታው ያለባቸው ሰዎች ሌሊት የሚጠቀሙበት በጭንብል አየር የሚገፋው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያም አፍንጫው በተጠቀጠቀበት ጊዜ በተለመደው መንገድ አይሠራም። አፍንጫው ከተከፈተ በኋላ ትንፋሽዎ ይሻላል የሚለው ተስፋ ተገቢ ነው፤ ያ መሻሻል ግን እብጠቱ ሲወርድ የሚመጣ እንጂ በመጀመሪያው ሌሊት የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ ማደሩ ለእርስዎ የሚጠቅመው ጣትዎ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ተደርጎልዎ፣ ደወሉ ሲጮህ የሚሰማና የሚነሣ ሰው ባለበት ክፍል ካደሩ ነው። ይህን ማስመር እፈልጋለሁ፤ ሆስፒታል ማደር ሲባል ሰው ሁሉ ሐኪም ራስጌው ቆሞ የሚያድር ይመስለዋል። መለኪያ በሌለበት፣ ብዙ ታካሚ ለአንዲት ነርስ በተሰጠበት፣ ተረኛ ሐኪሙም አፍንጫ መጠቅጠቅ በማይችልበት ክፍል ማደር፣ ነቅታ የምትጠብቅ ባለቤት ካለችበት ቤት የሚበልጥበት ነገር ጥቂት ነው። አንድ ሌሊት ሆስፒታል ማሳለፍ የራሱም ጉዳት አለው፦ እንቅልፍ ይነሣል፣ ከሌሎች ሕሙማን ለሚተላለፉ መድኃኒት ለለመዱ ጀርሞች ያጋልጣል፣ ወጪ ይጨምራል፣ አልጋ ላይ መዋልም በእግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ይረዳል። ይህን ሁሉ የምንከፍለው በምላሹ ክትትል ስናገኝ ነው።

በተመላላሽ የሚሠራበት ቦታም አንድ ዓይነት አይደለም። በትልቅ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለ የቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል ካለ፣ ታካሚው ካልተመቸው ወደ ተኝቶ መታከሚያው በተሽከርካሪ አልጋ በደቂቃዎች ይዛወራል። ለብቻው የቆመ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ግን የደም ባንክም ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ላይኖረው ስለሚችል፣ የሚቀበለው ጤናቸው የተስተካከለ ሰዎችን ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ችግር ሲፈጠር ታካሚውን ወዴት እንደሚያዛውርም አስቀድሞ የተስማማበት ሆስፒታል ሊኖረው ይገባል። በእርስዎ ሁኔታ ያለ ሰው ለብቻው በቆመ ማዕከል ሙሉ ማደንዘዣ እንዲወስድ አልመክርም።

«አልጋ ለማስለቀቅ ይሆን?» ላሉት፣ ጥርጣሬዎን አልነቅፍም፤ ገንዘብና የአልጋ እጥረት በሕክምና ውሳኔ ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም ብል እውነት አይሆንም። ነገር ግን በዚያው ቀን ማሰናበት የሒሳብ ሠራተኞች የፈጠሩት ነገር አይደለም። ጄምስ ኒኮል የተባሉ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም በ1909 እ.ኤ.አ. ባወጡት ዘገባ 8,988 ሕፃናትን በተመላላሽ ቀዶ ሕክምና እንዳከሙ ገልጸው፣ ሕፃናቱ ቤታቸው በእናታቸው እጅ ቢያገግሙ እንደሚሻል ተከራክረዋል። እሳቸው ግን አንድ ነገር አልዘነጉም፤ ነርሶች ወደየቤቱ እየሄዱ ሕፃናቱን ይጎበኙ ነበር። ታካሚን አሰናብቶ መርሳት ከተመላላሽ ቀዶ ሕክምና የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት የሚደውልልዎ ሰው እንዳለ ይጠይቁ፤ መልሱ ስለዚያ ቦታ ብዙ ይነግርዎታል።

ትንፋሹ ደህና የሆነ፣ ሌላ ሕመም የሌለበት፣ ይህንኑ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሌላ አንባቢ ካለ፣ በዚያው ቀን መመለሱን ሳይፈራ ይቀበለው፤ ግን የቤቱን ሁኔታ በሐቀኝነት ይመዝን። ለ24 ሰዓት አብሮ የሚሆን ጎልማሳ አስታማሚ ያስፈልጋል፤ በእነዚያ ሰዓታት መኪና መንዳትም ከባድ ውል መፈረምም አይፈቀድም። ከቤቱ እስከ ድንገተኛ ክፍሉ ያለው መንገድ ሌሊት የሚኬድ መሆን አለበት። ብቻውን የሚኖር ወይም ከሩቅ የመጣ ሰው፣ አካሉ ጤነኛ ቢሆንም፣ ሌሊቱን ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያው ማደር አለበት። ቀዶ ሕክምናው ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ከተሠራም እንዲሁ፤ የክትትሉ ሰዓታት ወደ ሌሊት ስለሚገፉ ማንንም በእኩለ ሌሊት መሸኘት ተገቢ አይደለም። አፍንጫው ተጠቅጥቆ የሚሄድ ሰው ደግሞ መጠቅጠቂያው መቼና በማን እንደሚወጣ በጽሑፍ ይያዝ፤ መጠቅጠቂያው ውስጥ እያለ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥና የቆዳ መቅላት አብረው ከመጡ፣ እምብዛም የማያጋጥም ነገር ግን ለሕይወት የሚያሰጋ የባክቴሪያ መርዝ ሊሆን ስለሚችል፣ ለጠዋት ሳያሳድር ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

እርስዎ ደግሞ ከቀጠሮዎ በፊት ለቀዶ ሐኪሙም ለማደንዘዣ ባለሙያውም ባለቤትዎ ያስተዋሉትን በግልጽ ይንገሩ፤ የሚቻል ከሆነ ባለቤትዎ ራሳቸው አብረው ገብተው ይናገሩ፤ ተኝተው የሆኑትን ከእርስዎ ይልቅ እሳቸው ያውቁታልና። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚያስቸኩል ስላልሆነ፣ የእንቅልፍ ምርመራ የሚያገኙ ከሆነ አስቀድመው ያድርጉት። ውጤቱ ትንፋሽዎ እምብዛም እንደማይቋረጥ ካሳየ የመጀመሪያው ሐኪም ያሉት ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን መመለስዎን እኔም አልቃወምም። ሕመሙ መኖሩ ከተረጋገጠ ወይም ምርመራው ካልተገኘ ግን የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ይጠይቁ፣ የኦክስጅን መለኪያ ያለው አልጋ ለአንድ ሌሊት እንዲያዝልዎ ያድርጉ፣ ከተቻለ አፍንጫዎ ሳይጠቀጠቅ በስፌት እንዲያልቅ ቀዶ ሐኪሙን ያነጋግሩ። ሌሊቱን ትራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ሕመሙን በፓራሲታሞል ያስታግሱ፤ ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ ጎልማሳ አንድ ግራም በየስድስት ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ግራም ሳይበልጥ ይወሰዳል። ከዚያ የበረታ ማስታገሻ ከታዘዘልዎ፣ የመጀመሪያውን ክኒን መለኪያው ጣትዎ ላይ እያለ ሆስፒታል ውስጥ ይውሰዱት እንጂ ቤት ገብተው ሊተኙ ሲሉ አይጀምሩት።